የመኪና ጥያቄና መልስ፦ «ማርሹ አጭርና ፈጣን እንዲሆንልኝ ነው የምፈልገው»

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። መኪናዬ ጎልፍ 4 ጂቲአይ ነው፣ 1.8 ተርቦ፣ ማኑዋል ባለ 5 ማርሽ። ሞተሩ ደህና ነው። ማርሹ ግን አበሳጨኝ። ዘንጉ ረጅም መንገድ ይሄዳል፣ ከገባም በኋላ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ በተለይ ከለገሃር በቸርችል ወደ ፒያሳ ስወጣ ከ3 ወደ 2 ልመልስ ስል ማርሹን ፈልጌ ነው የማገኘው። ጓደኞቼ «ሾርት ሺፍተር ግጠምበት» ይሉኛል። አንዱ ደግሞ «ምን አስወጣህ፣ ዘንጉን ሳልዳቶሬ ቤት ወስደህ አስቆርጠው» አለኝ። የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው። ግቢው ውስጥ ራሴ ልሠራው እችላለሁ?
አንባቢያችሁ፣ ከልደታ

መልስ፦ ትችላለህ ወንድሜ። ካምቢዮ ማውረድ የለበትም፣ መኪና ሥር መግባትም ብዙ አይጠይቅም። ግን ገንዘብህን ከማውጣትህ በፊት ስማኝ። የነገርከኝ ሁለት የተለያየ ነገር ነው። ዘንጉ ረጅም መንገድ መሄዱ የመኪናው አሠራር ነው። ወዲያ ወዲህ ማለቱ ግን ያለቀ ዕቃ ነው። ሾርት ሺፍተር፣ ማለትም የዘንጉን መንገድ የሚያሳጥረው ክንድ፣ የሚያስተካክለው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ሁለተኛውን እንዲያውም ያባብሰዋል፤ ጉዞው ሲያጥር ክፍተቱ እዚያው እንዳለ ስለሚቀር ማርሾቹ ይቀራረቡና የትኛው የት እንዳለ ጭራሽ ይጠፋሃል።

ስለዚህ መጀመሪያ ላላ ያለውን ፈልግ። ሞተር አጥፋ፣ ማርሽ አስገባ፣ ኮፈን ክፈት። ጓደኛህ ውስጥ ተቀምጦ ዘንጉን ቀስ ብሎ ያነቃንቅ፣ አንተ ካምቢዮው ላይ የሚመጡትን ሁለት ኬብሎች እይ። አንዱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ሌላው ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚያንቀሳቅስ ነው። ኬብሉ ተንቀሳቅሶ የያዘው ክንድ ካልተንቀሳቀሰ የኬብሉ ጫፍ ቡሽ (ኬብሉን ከክንዱ ጋር የሚያያይዘው ትንሽ ቀለበት) አልቋል። ዘንጉ ሲነቃነቅ ኬብሉ ጭራሽ ዝም ካለ ችግሩ ውስጥ ነው፣ ከዘንጉ ሥር። ፕላስቲኩና ጎሚኒው በዕድሜ ነው የሚያልቀው፣ መኪናህ ደግሞ ሃያ ዓመት ያለፈው ነው።

ቡሹን ሱማሌ ተራ ፈልግ፤ ካጣህ ቶርኖ ቤት ያለቀውን ዕቃ አሳይተህ በናይለን አስቀርጽ። በነሐስም ይሠሩልሃል፣ ማርሹም ቁርጥ ያለ ይሆናል፣ ነገር ግን የሞተሩ ንዝረትና ድምፅ በዘንጉ በኩል እጅህ ድረስ ይመጣል። ለየቀኑ መኪና እኔ ናይለኑን ነው የምመርጠው። ብዙ ሰው ቡሹን ከቀየረ በኋላ ሾርት ሺፍተሩን ይረሳዋል፣ ይህን ሱቆቹ አይነግሩህም።

አሁንም ማሳጠር ካማረህ፣ ነገሩ ቀላል የጉልበት ሒሳብ ነው። የክንዱ ልክ ሲቀየር እጅህ የሚሄደው መንገድ ያጥራል፣ የምታወጣው ጉልበት ይጨምራል። ከ20 እስከ 40 በመቶ ያሳጥራሉ ተብለው የሚሸጡ አሉ። አንተ መካከለኛውን ውሰድ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው፣ ዳገቱም አያልቅም፤ ተርቦው ቢያግዝህም ማርሽ የምትመልሰው ብዙ ጊዜ ነው። በመጨናነቅ ሰዓት ከሜክሲኮ ስታዲየም ድረስ 1 እና 2ን ስትቀያይር ያ ተጨማሪ ክብደት ክንድህ ላይ ይታወቅሃል።

በጎልፍ 4 ላይ የሚቀየረው ክንድ ካምቢዮው ራስ ላይ ነው ያለው። ለጥ ያለ ቦታ ላይ አቁም፣ የእጅ ፍሬን ያዝ፣ ጎማው ሥር ታኮ አድርግ፤ ሥራው የሚሠራው ማርሹ ኒውትራል ላይ ሆኖ ነው። ባትሪውንና የአየር ፊልትሮውን ቤት ታወጣለህ። ባትሪ ከመፍታትህ በፊት ግን የሬዲዮውን ኮድ ፈልገህ ያዝ፣ አለዚያ መልሰህ ስትገጥም ሬዲዮው ሊቆለፍብህ ይችላል። አሮጌውን ክንድ ከመንቀልህ በፊት በስልክህ ከየአቅጣጫው ፎቶ አንሳ።

ዋናው ቦታ ማስተካከያው ነው። እዚህ ጋ አትቸኩል። ኬብሎቹ ጫፍ ላይ ሞላ ያለው መቆለፊያ አለ፣ ስበህ ስታዞረው ኬብሉ ነፃ ይሆናል። ካምቢዮው ላይ ያለውን ዘንግ ወደ ታች ተጭነህ ትንሿን ማቆሚያ አዙረህ ታስገባለህ፣ ያኔ ካምቢዮው ኒውትራል ላይ ይቆማል። ውስጥ ደግሞ የቆዳውን ሽፋን ገልጠህ ከማርሽ ዘንጉ ሥር ባለው ቀዳዳ ልኩ የሆነ ፑንታ ታስገባለህ። ሁለቱም ጫፍ ከቆመ በኋላ ብቻ የኬብሎቹን መቆለፊያ ትለቃለህ፣ ራሳቸው ቦታቸውን ይይዛሉ። በግምት የተስተካከለ ኬብል ማርሹን ግማሽ ድረስ ብቻ ነው የሚያስገባው፤ ግማሽ የገባ ማርሽ እየነዳህ ይወጣል፣ ጥርሱንም ይበላዋል። ማቆሚያውንና ፑንታውን ማውጣት አትርሳ። ከዚያ ሞተር ሳታስነሳ ሁሉንም ማርሽ፣ የኋላውንም ጨምሮ፣ ደጋግመህ ሞክር።

ጠዋት ጠዋት 2ኛው እንቢ ብሎ መኪናው ሲሞቅ የሚለሰልስ ከሆነ ግን ኬብሉን ተወው፣ ዘይቱን ወይም ሲንክሮናይዘሩን (ማርሽ ሲገባ ፍጥነቱን የሚያመሳስለውን ቀለበት) ጠርጥር። 75ደብሊው-90፣ ጂኤል-4 የሚል የካምቢዮ ዘይት ነው የምትፈልገው፣ 2 ሊትር ገደማ። «ጂኤል-5 ይበልጣል» ብሎ የሚሸጥልህ አይጠፋም። ቁጥሩ ይበልጣል እንጂ ላንተ ካምቢዮ አይሻልም፤ ሲንክሮናይዘሩ ለመያዝ ትንሽ ፍትጊያ ይፈልጋል፣ ይኼኛው ዘይት አብዝቶ ያንሸራትተዋል። አሮጌውን ከማፍሰስህ በፊት ደግሞ የመሙያው ብሎን መፈታቱን አረጋግጥ። ካልተፈታ ባዶ ካምቢዮ ይዘህ ልደታ ትቀራለህ።

ቆሞ ሳለ፣ ሞተሩ በርቶ፣ ፍሪሲዮን ረግጠህ ጥቂት ቆይተህ የኋላ ማርሽ ስታስገባ ክርር ካለ ደግሞ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ አይለቅም ማለት ነው፣ ምናልባት መስመሩ ውስጥ አየር አለ። በዚህ መኪና ፍሪሲዮኑና ፍሬኑ አንድ የዘይት ጣሳ ነው የሚጠቀሙት፣ መጀመሪያ እዚያ ተመልከት።

የሳልዳቶሬው ምክር? አታድርገው። ዘንጉን ከላይ ሲቆርጡት መንገዱ ያጥራል እንጂ ክፍተቱ አይጠፋም፣ ሙቀቱም ሥሩ ያለውን ፕላስቲክ ያቀልጠዋል። ደግሞ ከ2016 ጀምሮ የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ስለተከለከለ እንደ ያንተ ያለ ማኑዋል ጂቲአይ ዕቃው እየጠበበ ነው የሚሄደው። የፈታኸውን ኦሪጅናል ክንድም ጠቅልለህ አስቀምጠው።

ጥያቄ፦ ማኑዋል ቪትዝ አርኤስ አለችኝ። የማርሹን እጀታ በከባድ የብረት እጀታ ልቀይረው ነበር፣ ወንድሜ «ካምቢዮ ይጎዳል» አለኝ። እውነት ነው?
ከአራት ኪሎ

መልስ፦ እህቴ፣ እጀታው ካምቢዮውን አይጎዳም። ክብደቱ ራሱ እጅሽን ስለሚያግዝ ማርሹ ለስለስ ብሎ ይገባል፣ በትንሽ ገንዘብ ከሚደረጉ ለውጦች ሁሉ ልዩነቱ ቶሎ የሚታወቀው ይሄ ነው። ካምቢዮ የሚጎዳው እጅን እጀታው ላይ አሳርፎ መንዳት ነው፤ ውስጥ ያለው ሹካ ከሚሽከረከረው ዕቃ ጋር እየተፋተገ ያልቃል። ወንድምሽ እንደዚያ የሚነዳ ከሆነ ይህን አንብቢለት።

ስትገዢ እጀታው ዘንጉ ላይ የሚጠመዘዝበትን ጥርስ እይ። የቶዮታ 12 በ1.25 ነው (ውፍረቱና በጥርሶቹ መካከል ያለው ርቀት፣ በሚሊ ሜትር)፣ የሆንዳ 10 በ1.5፣ የኒሳንና የማዝዳ 10 በ1.25። «ለሁሉም ይሆናል» ተብሎ በጎን በትንንሽ ብሎን የሚጠበቀውን አትግዢ፣ እየላላ እጅሽ ላይ ይቀራል። ቀትር ላይ ፀሐይ ላይ የምታቆሚ ከሆነ ደግሞ ብረቱ እጅ ያቃጥላል፣ ቆዳ የለበሰውን ምረጪ። ዕቃ ልትገዢ ስትሄጂ አሮጌውን እጀታ ይዘሽ ሂጂ፣ ጥርሱን እዚያው ያመሳስሉልሻል።