የወጡትን ማን ይጠይቃቸው?

ልጆቼ፣

ሰሞኑን የማስተርስ ጥናቷን የጀመረች ወጣት ደወለችልኝ። የምታጠናው ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ገብተው ለምን እንደሚያቋርጡ ነው። «መምህር፣ 300 መጠይቅ ይበቃኛል?» አለችኝ። ይበቃሻል አልኳት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ከዓመታት በፊት አንዲት ሌላ ልጅ ስለ መጠይቅ የጠየቀችኝ ነገር መጣብኝና ቀኑን ሙሉ አልለቀቀኝም።

ያኔ የማስተምረው ክፍለ ሀገር ነበር። ከባልደረቦቼ ጋር ስለ ሴት ተማሪዎች ማቋረጥ ጥናት ይዘናል። መጠይቁን ላባዛ ከግቢው በር ፊት ለፊት ያለች ኮፒ ቤት ገባሁ። የምታባዛው ልጅ የመጀመሪያውን ገጽ ማሽኑ ላይ ልታስቀምጥ ስትል ቆም ብላ አነበበችው።

«ይሄን የሚሞላው ማነው?»

«ተማሪዎች ናቸዋ።»

«የትኞቹ?»

«ግቢ ያሉት።»

ምንም አላለችም፤ ማባዛቷን ቀጠለች። ወረቀቱን በስቴፕለር እየመታች ሳለ ነው «እኔም እዚህ ተማሪ ነበርኩ» ያለችኝ።

ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ ሚድ ፈተና ሊጀመር ሲል አባትሽ ታመዋል ተብሎ ተደወለላት። የዶርም ጓደኞቿ ለትራንስፖርት አዋጡላት። በማግስቱ ሌሊት 11 ሰዓት መናኸሪያ ነበረች። አባቷ አልተረፉም። ለቅሶ አለ፣ አርባ አለ፣ እናቷ ከትንንሽ ልጆች ጋር ብቻቸውን ቀርተዋል። ስትመለስ ፋይናል አልፏል። ውጤቷ ላይ ኤፍ ተደርድሯል። ሬጅስትራር መስኮት ላይ የነበሩት ሴትዮ «ዊዝድሮዋል ሞልተሽ ብትሄጂ ኖሮ ትመለሺ ነበር» አሏት። ትምህርትን ለጊዜው ማቋረጫ ፎርም ነው፤ ስሙን የሰማችው ያን ዕለት ነው።

ፎርሙ አንድ ገጽ ናት። ምክንያት ትጽፋለህ፣ አማካሪ መምህር ይፈርማል፣ ከቤተ መጻሕፍት፣ ከዶርምና ከካፌ ዕዳ እንደሌለብህ የሚያሳይ ክሊራንስ ትወስዳለህ፣ አለቀ። በሚቀጥለው ዓመት በሪአድሚሽን፣ ማለትም በድጋሚ ቅበላ፣ መመለስ ይቻላል። ደንቡ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ነበር፤ የሚነገረውም ለፍሬሽማን በመጀመሪያው ሳምንት ነው። እሷ ደግሞ ሳምንቱ ካለፈ በኋላ ነው የደረሰችው፤ አባቷ በግ ሸጠው የመሳፈሪያ ብር እስኪያገኙ ስትጠብቅ ዘገየች።

ማመልከቻ ጻፍንላት። ይዤው ከቢሮ ቢሮ ተመላለስኩ። ጊዜው አልፏል ተባለ። ጎበዝ ልጅ ነበረች፤ የመጀመሪያ ሴሚስተር ውጤቷን አይቼዋለሁ። በእኛ ሰንጠረዥ ውስጥ ግን «በውጤት ማነስ የተሰናበቱ» ከሚለው ሥር ካሉት ቁጥሮች አንዷ ነበረች። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

የዛሬ ልጆች መጠይቁን ጎግል ፎርም ላይ ትሠሩና ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ትለቁታላችሁ። በአንድ ሌሊት ይሞላል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አልወደውም። የሚሞላው ስልክና ዳታ ያለው፣ ግሩፑም ውስጥ የቀረ ልጅ ነው። የወጣ ተማሪ ከግሩፑም ወጥቷል። በሌላ በኩል እኛ በናንተ ዕድሜ ለመምህር «ለምን?» ብለን አንጠይቅም ነበር። እናንተ ትጠይቃላችሁ፤ በዚህ እኮራባችኋለሁ።

ስለ ፍትሐዊነት ሲነሳ ሁሉም ስለ መግቢያ ነጥብ ያወራል። ለሴቶች፣ ለአካል ጉዳተኞችና ከታዳጊ ክልሎች ለሚመጡ ልጆች ነጥቡ ዝቅ ሲል ቆይቷል፤ እደግፋለሁ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ ከ1 ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶችም አንድ ተማሪ ሳያሳልፉ ሲቀሩ፣ አገሩ ሁሉ ስለ መግቢያ ተከራከረ። ብዙዎች በሬሜዲያል፣ በማካካሻ ትምህርት፣ ገቡ። ከገቡ በኋላ ማን የት ደረሰ የሚለውን የሚከታተል ግን ጥቂት ነው።

ኮስት ሼሪንግም፣ የወጪ መጋራቱም፣ እንደዚሁ። በ1995 ዓ.ም. በወጣው ደንብ መሠረት ተማሪው የምግብና የዶርሙን ሙሉ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ተመርቆ ሥራ ሲይዝ እንዲከፍል ተደነገገ። በዚህ አሠራር ሲገባ ምንም አይጠየቅም። ለድሃ ልጅ ትልቅ ነገር ነው። ግን ካፌው ሳሙና አይሰጥም፣ ሞዴስ አይሰጥም፣ የሃንድአውት ኮፒና የአገር ቤት ትራንስፖርት አይከፍልም። ልጆች በመቶ ብር ጉዳይ ክፍል ሲቀሩ አይቻለሁ። ጥናት የምትፈልጉ ከሆነ እዚህ ላይ ቁፈሩ።

እኔ ተማሪ በነበርኩበት ጊዜ አብሮን የሚማር ዓይነ ስውር ጓደኛ ነበረን። ማታ ማታ መጽሐፉን ተራ ገብተን እናነብለት ነበር። ለአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች የሚሆን ቢሮ የሚባል ነገር አልነበረም። ጓደኛ የሌለው ዓይነ ስውርስ ምን ይሆን ነበር ብዬ ያሰብኩት አስተማሪ ከሆንኩ በኋላ ነው።

ቁጥር ብዙ አልወድም፤ ሰው ያስረሳል። ሆኖም ከሬጅስትራር ቁጥር ጀምሩ፣ ያለሱ የትም አትደርሱም። ማን በየትኛው ወር እንደጠፋ፣ ከየትኛው ወረዳ እንደመጣ፣ ፎርም ሞልቶ ይሁን ሳይሞላ ለዩ። ከዚያ ፈቃድ አውጡና የወጡትን ፈልጉ። አስቸጋሪ ነው። ስልካቸው ተቀይሯል። አንዳንዱ አዲስ አበባ ነው፣ አንዳንዷ ዓረብ አገር ሄዳለች። ግቢ ካሉ 300 ተማሪዎች ይልቅ 15 የወጡ ብታገኙ ይሻላል ብዬ ልሟገት እችላለሁ፤ አማካሪያችሁ ቢቆጣ ወደ እኔ ላኩት።

ስታገኟቸው «ለምን አቋረጥክ?» ብላችሁ አትጀምሩ። ሰው ሲያፍር «ትምህርቱ ከበደኝ» ብሎ ይገላግላችኋል። የወጣበትን ቀን ጠይቁት። በማን ብር ተሳፈረ? ለማን ነገረ? የፈረመው ወረቀት ነበር?

አስመልሳችኋለሁ ብላችሁ ቃል አትግቡ፤ በእጃችሁ አይደለም። የሪአድሚሽን ማመልከቻ ቀን ካላለፈ ግን መጠይቁን አስቀምጡና መጀመሪያ እሱን አስሞሏቸው።