ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ግራ እጄ ይደነዝዛል፤ ጊታሩን ልሽጠው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ36 ዓመት ሰው ነኝ፤ ኮምቦልቻ ውስጥ ባጃጅ እነዳለሁ። ደሴ ላይ ሠርግ ሲኖር ደግሞ ከጓደኞቼ ጋር ጊታር እየተጫወትኩ እዘፍናለሁ። ባለፈው ዓመት የአጎቴ ልጅ በጃፓን የተሠራ ያገለገለ ኢባኔዝ ኤሌክትሪክ ጊታር ከነአምፕሊፋየሩ ከዱባይ አመጣልኝ። የጊታሩ መለያ ቁጥር በ«ሲ» ፊደል ይጀምርና 83 ይከተለዋል። አምፕሊፋየሩ 100 ቮልት ስለሚል በትራንስፎርመር አሳንሼ እሰካዋለሁ። ከጥቂት ወራት ወዲህ የግራ እጄ አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና መሃል ጣት ይደነዝዙኛል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ እየቀሰቀሰኝ እጄን ካላራገፍኩት አይለቀኝም። እናቴ «ብርድ መትቶህ ነው» ትላለች፤ ባለቤቴ «ጊታሩን ሽጠው» ትላለች። ወጌሻ አሽቶኝ ባሰብኝ፤ ዲክሎፌናክ እየገዛሁ እውጣለሁ። ጥፋቱ የጊታሩ ነው? ስዘፍን ከንፈሬ ማይክሮፎኑን ሲነካ አልፎ አልፎ ይነዝረኛል፤ እሱ ግን ቀላል ነው።
ጠያቂ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር፤ ቀላል ነው ብለው ያለፉት ነገር ነውና እኔን ያስደነገጠኝ። እጅዎ ጥቂት ቀናት ሊታገስ ይችላል። የከንፈርዎ ንዝረት ግን እስከሚቀጥለው ሠርግ መቆየት የለበትም።

የኤሌክትሪክ ጊታር ክሮች በጊታሩ ውስጥ ባለ ቀጭን ሽቦ አማካይነት ከአምፕሊፋየሩ የብረት አካል ጋር የተያያዙ ናቸው። ይህ ብልሽት አይደለም፤ እጅዎ ክሩ ላይ ሲያርፍ ያ የማያቋርጥ እምምታ የሚቀንሰው በዚህ ምክንያት ነው። ችግሩ የሚመጣው አምፕሊፋየሩ ውስጥ አንድ ነገር ተበላሽቶ ኤሌክትሪክ ወደ ብረቱ ሲያፈስ ነው። ያን ጊዜ ክሮቹም ኤሌክትሪክ ይይዛሉ። ማይክሮፎኑ ደግሞ በሌላ ማጉያ በኩል ከመሬት ጋር ተገናኝቷል። ክሩን በያዘው እጅና ማይክሮፎኑን በሚነካው ከንፈር መካከል ያለው መንገድ የእርስዎ ደረት ነው፤ ልብዎ ያለበት።

ጃፓን ውስጥ የቤት ኤሌክትሪክ 100 ቮልት ነው፤ የእኛ 220 ነው። ስለዚህ ትራንስፎርመር መጠቀምዎ ትክክል ነው፤ ያለ እሱ አምፕሊፋየሩ ገና ሲሰካ ይቃጠል ነበር። ነገር ግን ብዙዎቹ ርካሽ መቀነሻዎች ቮልቱን ያሳንሳሉ እንጂ መሣሪያውን ከዋናው መስመር አይለዩትም። የድሮ የጃፓን መሣሪያዎች መሰኪያ ደግሞ ባብዛኛው ባለ ሁለት እግር ነው፤ ከመሬት የሚያገናኝ ሦስተኛ ሽቦ የለውም። ባረጀ መሣሪያ ላይ ይህ ሁሉ ሲደራረብ ንዝረቱ ማስጠንቀቂያ ነው። በሰውነት ውስጥ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ 10 ሚሊአምፔር አካባቢ ሲደርስ የእጅ ጡንቻ ተኮማትሮ የያዘውን ነገር መልቀቅ ሊያቅተው ይችላል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን የልብ ምት ይቃወሳል። እንዲህ ያለው አደጋ በታወቁ ሰዎችም ላይ ደርሷል። ሌስ ሃርቪ የተባለው ስኮትላንዳዊ ጊታር ተጫዋች እ.ኤ.አ. በ1972 ስዋንሲ ከተማ መድረክ ላይ ከመሬት ጋር በትክክል ያልተገናኘ ማይክሮፎን ነክቶ ሞቷል።

ስለዚህ ያን አምፕሊፋየር ኤሌክትሮኒክስ የሚያውቅ ባለሙያ ከፍቶ እስኪያየውና የመሬት ሽቦ ያለው ባለ ሦስት እግር ገመድ እስኪገጥምለት ድረስ አይስኩት። ከዚያ በኋላም የጊታሩ አምፕሊፋየርና የማይክሮፎኑ ማጉያ ከአንድ ጤነኛ ሶኬት ቢነሱ ይመረጣል። ሠርግ ቤት ሶኬቱ ሦስተኛውን እግር አልቀበል ሲል እግሩን በጉጠት ቆርጦ የሚሰካ ሰው አላጣም፤ በመሣሪያዎ ላይ እንዲህ የሚያደርግ ሰው ካዩ መሣሪያዎን ይዘው ይውጡ። የማይክሮፎኑ አፍ ላይ ስፖንጅ ማልበስ ከንፈርን ከብረቱ ያርቃል እንጂ ብልሽቱን አያጠፋውም። ድንኳን ውስጥ እርጥብ መሬት ላይ ቆሞ መጫወት ደግሞ አደጋውን ያባብሰዋል። አንድ ሰው ተይዞ ሲንቀጠቀጥ ካያችሁ አትንኩት፤ አስቀድማችሁ መብራቱን ከቆጣሪው አጥፉ። ነዝሮዎት ራስዎን ከሳቱ ወይም ልብዎ ያለ ሥርዓት ከመታ፣ ኋላ ደህና ቢሆኑም እንኳ በዕለቱ ሆስፒታል ሄደው የልብ ምርመራ ያድርጉ።

አሁን ወደ እጅዎ እንሂድ።

በደብዳቤ የታየ እጅ እንደተመረመረ አይቆጠርም። ቢሆንም የነገሩኝ በጣም ገላጭ ነው። አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ መሃል ጣት፤ ትንሿን ጣት አልጠቀሱም። ሌሊት መቀስቀሱና በማራገፍ መለቀቁ ሲጨመርበት ነገሩ ካርፓል ተነል ሲንድረም የምንለውን ይመስላል። በእጅ አንጓ ላይ በአጥንትና በጠንካራ ጅማት የታጠረ ጠባብ መተላለፊያ አለ። በውስጡ ጣቶችን የሚያጥፉ ዘጠኝ ጅማቶችና አንድ ነርቭ ያልፋሉ። ጅማቶቹ በሥራ ብዛት ሲያብጡ ወይም አንጓው ታጥፎ ሲቆይ የሚጨፈለቀው ነርቩ ነው። ነርቩ የሚያገለግለው እነዚያን ሦስት ጣቶችና የቀለበት ጣትን ግማሽ ነው። ሌሊት የሚብሰው ስንተኛ አንጓችንን ሳናውቅ አጥፈን ስለምንተኛ ነው። ቤትዎ ሊሞክሩት ይችላሉ፦ የሁለቱን እጆች ጀርባ አጋጥመው፣ ጣቶችዎን ወደ ታች አድርገው 60 ሴኮንድ ይቆዩ። ያው ድንዛዜ በእነዚያው ጣቶች ላይ ከመጣ ጥርጣሬዬ ይጠነክራል። የሚደነዝዘው ትንሿ ጣት ቢሆን ኖሮ ወደ ክርንዎ እመለከት ነበር።

ታዲያ ተጠያቂው ማን ነው? ቤተሰብዎ ጊታሩን ሲከስ ባጃጁን ዘልሎታል። ባጃጅ ላይ ፍሪሲዮኑም ማርሹም በግራ እጅ ነው። ጣቶች ፍሪሲዮኑን ይጨብጣሉ፤ አንጓው መያዣውን ወደ ላይና ወደ ታች እየጠመዘዘ ማርሽ ይቀይራል። ከመናኸሪያ እስከ ኢንዱስትሪ ፓርኩ በየፌርማታው፣ በየጉድጓዱ፣ በየተሳፋሪው ይህን ያደርጋሉ፤ የመያዣው ንዝረት ሳይቆጠር። ጊታሩን የሚይዙት በሳምንት ጥቂት ሰዓት ነው፤ ፍሪሲዮኑን ግን ቀኑን ሙሉ። እኔ ዳኛ ብሆን ዋናው ተከሳሽ ባጃጁ፣ ጊታሩ ደግሞ ግብረ አበር ይሆን ነበር።

ስለዚህ ጊታሩን አይሽጡት። መጀመሪያ የባጃጁን የፍሪሲዮን ገመድ መካኒክ ያሳዩት፤ ዝጎ የከበደ ገመድ ከሆነ በዘይት ወይም በአዲስ ገመድ ይቀላል። ተራ ሲጠብቁ ማርሹን ነፃ አድርገው እጅዎን ከመያዣው ያንሱ። ማርሽ ሲቀይሩ አንጓዎን ብቻ ከማጠፍ ክንድዎን አብረው ያንቀሳቅሱ።

ቀጥሎ ጊታሩ። የኢባኔዝ የያኔ አሠራር ፊደሉ ወርን፣ ሁለቱ ቁጥሮች ዓመትን እንዲያመለክቱ ነበርና የእርስዎ ጊታር እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1983 የተሠራ ነው ማለት ነው። በዚያ ዘመን የኢባኔዝ ጊታሮች በብዛት ይሠሩ የነበሩት ማትሱሞቶ ከተማ በሚገኘው ፉጂጌን ፋብሪካ ነው፤ ጥሩ እጅ ያረፈባቸው ናቸው። በአጎትዎ ልጅ ምርጫ እቀናለሁ። ይሁን እንጂ ያገለገለ የጃፓን መኪና ገዝቶ ዘይቱን ሳይቀይር ጎዳና የሚወጣ ሰው የለም፤ ጊታሩም እንዲሁ ማስተካከያ ይፈልጋል። በአርባ ዓመት ውስጥ የእንጨቱ አንገት ይጎብጣል፤ የአየሩ እርጥበት ሲለዋወጥ ደግሞ ይብስበታል። አንገቱ ሲጎብጥ ክሮቹ ከፍ ይላሉ፤ ክሮቹ ከፍ ባሉ ቁጥር ጣትዎ የበለጠ መጫን አለበት። ተማሪ በሚጠቀምበት ማስመሪያ በ12ኛው ፍሬት፣ ማለትም አንገቱ ላይ በአግድም ከተሰኩት ቀጫጭን ብረቶች በ12ኛው ላይ፣ በክሩና በብረቱ መካከል ያለውን ክፍተት ይለኩ። ከ2 ሚሊ ሜትር ብዙ ከበለጠ እጅዎ በከንቱ እየደከመ ነው። አንገቱ ውስጥ ያለውን ማስተካከያ ብረት የሚያውቅ ሰው በትንሽ ቁልፍ ያቀናዋል፤ እርስዎ ራስዎ ግን አይሞክሩት፤ ብሎኑ ከተላጠ መከራ ነው።

የክሮቹን ውፍረት አልነገሩኝም። ቀጭኑ ክርዎ 0.28 ሚሊ ሜትር ከሆነ ወደ 0.23 ይውረዱ። በዚያው ቅኝት ላይ የዚያ ክር ውጥረት አንድ ሦስተኛ ያህል ይቀንሳል፤ ባቲንና አንቺ ሆዬን እየተጫወቱ ክር ጎትተው ድምፅ ለሚያስለቅሱ ጣቶች ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ማንገቻውንም ያሳጥሩ። ጊታሩን ጉልበት አካባቢ ማንጠልጠል ለፎቶግራፍ ያምራል፤ ግራ አንጓዎን ግን ሌሊት ከሚያጥፉት በላይ ያጥፈዋል። ቆመውም ተቀምጠውም ጊታሩ አንድ ቦታ ላይ እንዲያርፍ አድርገው ይስቀሉት። በየግማሽ ሰዓቱ ትንሽ ይረፉ። የጣት ጫፍ መጠንከር ጤናማ ነው፤ የሚያሳክክና የሚላላጥ ከሆነ ግን በክሮቹ ላይ ያለው ኒኬል ሊሆን ይችላልና ክሩን በሌላ ዓይነት ይለውጡ።

እናትዎን ሙሉ በሙሉ አልቃወማቸውም። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ሐረጎን ወጥተው ደሴ ሲደርሱ 2,500 ሜትር አካባቢ ነዎት። የጦሳ ብርድ ጣት ያደርቃል፤ የደረቀ ጣት ደግሞ ከሚገባው በላይ ይጨብጣል። መድረክ ከመውጣትዎ በፊት እጅዎን ማሞቅ ተገቢ ነው። ብርድ ግን ሦስት ጣት መርጦ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አይቀሰቅስም።

ለሕክምናው፣ ሌሊት አንጓውን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ ይልበሱ። ትልልቅ መድኃኒት ቤቶች ወይም የሆስፒታል ፊዚዮቴራፒ ክፍል ይጠይቁ። አንጓው ወደ ላይም ወደ ታችም ሳይታጠፍ ለስድስት ሳምንት ያህል በየሌሊቱ ይደረጋል። ብዙ ሰው ሁለት ሌሊት አድርጎ «አልረዳኝም» ብሎ ይጥለዋል፤ ይታገሡት። ዲክሎፌናኩን ያቁሙ። ለተጨፈለቀ ነርቭ የሚሰጠው ጥቅም ትንሽ ነው፤ ጨጓራዎንና ኩላሊትዎን ግን ሊጎዳ፣ የደም ግፊትዎንም ሊጨምር ይችላል። ወጌሻውንም ይተዉት። ወጌሻ የወለቀ ይመልስ ይሆናል፤ ያበጠ መተላለፊያ ውስጥ ያለን ነርቭ በአውራ ጣት መጫን ግን ቁስል ላይ መርገጥ ነው፤ ባሰብኝ ማለትዎም አልገረመኝም።

ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ስኳርዎን ይለኩ። ስኳር በሽታም ሆነ የእንቅርት ዕጢ መስነፍ ይህን ሕመም ያመጣሉ። የአዮዲን እጥረት ወሎን ጨምሮ በደጋው አገራችን የቆየ ችግር ስለሆነ አንገትዎ ላይ እብጠት ካለ ለሐኪሙ ይንገሩ። የቲቢ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም አይደብቁ፤ አይሶናያዚድ ነርቭ ያደነዝዛል፤ እሱ ግን ብዙ ጊዜ ከእግር ይጀምርና ሁለቱንም ወገን ይይዛል፤ በቫይታሚን ቢ6ም ይከላከሉታል።

ያልጠየቁኝን አንድ ነገር በአጭሩ ልጨምር። ከሠርግ ሲመለሱ ጆሮዎ የሚያፏጭ ከሆነ ድምፁ ከልክ በላይ ነበር። ጆሮ ለስምንት ሰዓት ያህል የሚችለው 85 ዴሲቤል ነው፤ ድምፁ በየ3 ዴሲቤሉ ሲጨምር የሚችለው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል፤ 100 ዴሲቤል ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። ጥጥ አይበቃም፤ የስፖንጅ የጆሮ መሰኪያ ይግዙ። አንድ ጆሮ በድንገት መስማት ካቆመ በዚያው ቀን ሐኪም ይዩ፤ መድኃኒቱ የሚሠራው ቶሎ ከተጀመረ ነው።

ድንዛዜው ቀንም ሌሊትም የማይለቅ ከሆነ፣ የሻይ ብርጭቆ ከእጅዎ የሚያመልጥ ከሆነ፣ ወይም የአውራ ጣትዎ ሥር ያለው ሥጋ ከቀኙ ሲነጻጸር የሟሸሸ ከመሰለ ስድስቱን ሳምንት አይጠብቁ። ድንዛዜው በድንገት መጥቶ ፊት ካጣመመ ወይም ንግግር ካሰረ ደግሞ የጭንቅላት ደም ሥር ነገር ነውና ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ሌሊት የሚደረገው ድጋፍ ካልበቃ አንጓው ላይ የሚወጋ ስቴሮይድ አለ፤ ለብዙዎች ለወራት እፎይታ ይሰጣል። እሱም ካልሆነ ቦታውን ብቻ በማደንዘዝ የሚሠራ አጭር ቀዶ ሕክምና አለ፤ በዕለቱ ወደ ቤት ይመለሳሉ። ፍሪሲዮን ለመጨበጥ ግን ሳምንታት ስለሚወስድ፣ ነገሩ እዚያ ከደረሰ ባጃጁን የሚነዳልዎ ሰው ከወዲሁ ያስቡ።