እምነቱን ከፖስታው ያውጡት

ጥያቄ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ታናሽ ወንድሜ ካውንቲ ጄል ከገባ ሁለት ወር ሊሞላው ነው፤ ኬዙ ገና አላለቀም። ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ላክሁለት። የመጀመሪያው «እንዲህ ያለ ሰው የለም» ተብሎ ተመለሰ፤ እሱ ግን ከዚያው ሆኖ ይደውልልኛል። ሁለተኛው አልተመለሰም፣ እሱም ጋ አልደረሰም። ውስጡ የልጁን ፎቶ፣ እማዬ ከአዲስ አበባ በሰው የላከችለትን ትንሽ እምነት (የቤተ ክርስቲያን የተባረከ ዱቄት)፣ የኪስ ውዳሴ ማርያምና 20 ዶላር ጨምሬ ነበር። ምን አጠፋሁ? በአማርኛ መጻፌስ ችግር አለው? እማዬ በደወለች ቁጥር «ደረሰው ወይ?» ትለኛለች።

እህቱ ነኝ

መልስ

ውድ ጠያቂያችን፣ እግዚአብሔር ያስፈታልዎ።

የመጀመሪያውን ያስመለሰው ስሙ ሳይሆን አይቀርም። የእኛ ስም አሜሪካ መዝገብ ላይ ሲወጣ መልኩ ይቀየራል፤ የአያት ስም «ላስት ኔም» ይሆናል፣ የአባት ስም መሃል ይገባል ወይም ጭራሽ ይቀራል። «ገብረ» ብቻውን ይቁም ወይስ ከተከታዩ ይጣበቅ፣ «ጸ» በሁለት ፊደል ይጻፍ ወይስ በአንድ፣ የሚወስነው ሲያዝ ኪሱ የተገኘው መታወቂያ ነው። ስለዚህ እርስዎ የሚያውቁትን አጻጻፍ ይተዉት። የሸሪፉን ድረ ገጽ ከፍተው የእስረኛ መፈለጊያው ላይ የወጣውን ስም ፊደል በፊደል ይገልብጡ፤ አጠገቡ ያለውን የቡኪንግ (የእስረኛ ምዝገባ) ቁጥርም ከስሙ ጎን ይጻፉ። የላኪውን ሙሉ ስምና አድራሻ በግራ በላይኛው ጥግ ያድርጉ፤ ያለዚያ አብዛኛው ጄል አይቀበልም። ፖስታው ላይ አንድም የአማርኛ ፊደል አይኑር።

ይህን ሁሉ በሚልኩበት ቀን እንደገና ይመልከቱት። እስረኛ ከጄል ወደ ጄል ሲዛወር ደብዳቤው ተከትሎት አይሄድም። (በኢሚግሬሽን የተያዘ ከሆነ ደግሞ የአይስ መፈለጊያ ለብቻው አለ፤ እዚያ የሚጠየቁት ኤ-ነምበር የሚባለውን የኢሚግሬሽን ቁጥሩንና የትውልድ አገሩን ነው።)

ቀጥሎ አድራሻው። ለጥየቃ የሚሄዱበት ሕንፃና ደብዳቤ የሚላክበት ቦታ አንድ ላይሆን ይችላል። ብዙ ጄል አሁን ደብዳቤን ራሱ አይቀበልም፤ ሌላ ስቴት ያለ ድርጅት ተቀብሎ ስካን ያደርገውና ወንድምዎ በታብሌት ወይም በታተመ ቅጂ ያየዋል። ወረቀቱ ጥቂት ቆይቶ ይወገዳል። እንግዲህ ሁለተኛ ቅጂ የሌለው ፎቶ ወይም ሰነድ በዚህ መንገድ መላክ መጣል ነው። ሌሎች ጄሎች ደግሞ ከፖስትካርድ በቀር አይወስዱም። አሜሪካ ከ3,000 በላይ ካውንቲ አላት፣ ደንቡም እንደዚያው ብዙ ነው፤ ጎረቤትዎ «የእኔ ልጅ ጋ ይገባ ነበር» ቢልዎ አይመኑት። የሸሪፉ ገጽ ላይ ስለ እስረኛ ፖስታ የተጻፈውን ያንብቡ፣ ካልገባዎ ደውለው ይጠይቁ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ፖስታ። ሃያ ዶላሩ ብቻውን ሊያስከለክለው ይችል ነበር፤ ጥሬ ገንዘብ በደብዳቤ አይገባም። ከሁሉ የከፋው ግን እምነቱ ነው። ለእናትዎ በረከት ነው፤ ፖስታ ክፍል ለተቀመጠው ሰው ግን ምንነቱ ያልታወቀ ዱቄት ነው፣ ፖስታ ውስጥ ዱቄት ሲገኝ ደግሞ ክፍሉ ተዘግቶ መርማሪ ሊጠራ ይችላል። ጸበል የነካው ወረቀትም ያው ነው፤ እርጥበቱ የተወው እድፍ ይታያል። ምክንያት አላቸው፦ ወረቀትን በኬሚካል ዕፅ ነክሮ ማድረቅ የታወቀ ዘዴ ነው፣ በቴምብር ሥር የሚደበቅ ስስ መድኃኒትም አለ። ዕጣን ከሚጨስበት ክፍል የወጣ፣ ሽቶ ወይም ሊፕስቲክ የነካው ወረቀት፣ ስቲከርና ግሊተር፣ ስቴፕልና ክሊፕም በዚሁ ይከለከላሉ። የልጁን ፎቶ ወረቀት ላይ አሳትመው ይላኩ፣ ከ4 በ6 ኢንች አይብለጥ፤ ፖላሮይድ ንብርብሩ ስለሚከፈት አይፈቀድም።

መጽሐፍ ከግለሰብ እጅ አይወስዱም። አዲስ፣ ሽፋኑ ለስላሳ የሆነና በቀጥታ ከሻጭ ወይም ከአሳታሚ የተላከ መሆን አለበት። የአማርኛ መጽሐፍ በዚህ መንገድ ማግኘት ስለሚያስቸግር የጄሉን ቻፕሊን (የሃይማኖት አገልጋይ) ያነጋግሩ። ከዚያ የሚቀለው ግን ራስዎ በእጅ መገልበጥ ነው፤ የእጅ ጽሑፍ ደብዳቤ ነውና። ውዳሴ ማርያም በሰባቱ ዕለታት የተከፈለ ነው፦ የሰኞውን በአንድ ፖስታ፣ የማክሰኞውን በሌላ እያሉ ይላኩለት። እስከ 4 ገጽ ወረቀት በአንድ ተራ ቴምብር ይሄዳል።

በአማርኛ መጻፍ ይቻላል፤ ፖስታ ክፍሉ የሚያነብ ሰው እስኪያገኝ ሊዘገይ ግን ይችላል። የመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ አማርኛ መሆኑን በእንግሊዝኛ አንድ ቃል ያስፍሩ። ስካን ከተደረገ «ለ» እና «ሉ» የሚለየው ቅጥያ ይጠፋልና በጥቁር እስክሪብቶ፣ ጎላ አድርገው፣ መስመር እየዘለሉ፣ በአንድ ገጽታ ብቻ ይጻፉ። እርሳስ አይሆንም።

ስለ ኬዙ አንዲት ቃል አይጻፉ። አማርኛ ምስጢር አይደለም፤ ተተርጉሞ አቃቤ ሕግ ጋ ሊደርስ ይችላል። በሕግ የሚጠበቀው ከጠበቃው የሚመጣው ደብዳቤ ነው፣ እሱም እስረኛው ባለበት ይከፈታል። የእርስዎን ፖስታ የጠበቃ አስመስሎ መላክ ጣጣ ያመጣል።

የጠፋውን ለማወቅ ወንድምዎ ከውስጥ የጥያቄ ፎርም ይሙላ። እስር ቤት ደብዳቤ ሲያግድ ለእስረኛው ማሳወቅ እንዳለበት የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1974 ወስኗል፤ ውዳሴ ማርያሙም ሲፈታ በሚወስደው ንብረት ውስጥ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ከአሁን ወዲያ በየደብዳቤው አናት ላይ ቀንና ተራ ቁጥር ይጻፉ፤ ሦስተኛው ሳይደርስ አራተኛው ሲደርሰው በስልክ ይነግርዎታል።

ባዶ ፖስታና ቴምብር አብረው አይላኩ፤ ከኮሚሳሪ (ከእስር ቤቱ ሱቅ) ይገዛል። ለዚያ የሚሆነውን ገንዘብ ጄሉ በሚጠቀምበት ድረ ገጽ ወይም በመኒ ኦርደር አካውንቱ ላይ ያስገቡለት። መልሱ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ፖስታው ላይ «ከእስረኛ የተላከ» የሚል ማኅተም ይኖራል። ቤቱን ከሰው ጋር የሚጋሩ ከሆነና የሰው አፍ የሚያሳስብዎ ከሆነ ፖስታ ቤት ሣጥን ይከራዩ፤ ጄሉ የሣጥን አድራሻ እንደ ላኪ አድራሻ ይቀበል እንደሆነ ግን አስቀድመው ይጠይቁ።