«ለእናንተ የማስባትን አሳብ አውቃለሁ» የተባለው ለማን ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ከመሃል ከተማ፣ ለረጅም ጊዜ ከኖርንበት ሰፈር ተነሥተን ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከገባን ወዲህ ባለቤቴ ቋሚ ሥራ አላገኘም። ሳሎናችን ግድግዳ ላይ «ለእናንተ የማስባትን አሳብ እኔ አውቃለሁ፤ ፍጻሜና ተስፋ እሰጣችሁ ዘንድ የሰላም አሳብ ነው እንጂ የክፉ ነገር አይደለም» የሚለው ኤርምያስ 29፥11 በትልቁ ተጽፎ ተሰቅሏል፤ ጠዋት ጠዋት እርሱን እያነበብሁ እጸልያለሁ። አንድ አገልጋይ ይህንኑ ጥቅስ ጠቅሶ «ችግራችሁ በዚህ ዓመት ያበቃል» ብሎን ነበር፤ ዓመቱ ግን እንዲሁ አለፈ። ረቡዕ ማታ በብሎካችን በምናደርገው የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ላይ ነገሩን ሳነሣው፣ አንዲት እህት «ለእስራኤል እንጂ ለእኛ አልተጻፈም» አለችኝ፤ ሌሎቹ ደግሞ «በእምነት ያዢው» ይሉኛል። ጥቅሱን ላውርደው? ደግሞም ለባለቤቴ ሐዋሳ ሥራ ተገኝቶለት እንሂድ አንሂድ እያልን ነው። መጽሐፍ ቅዱስን ገልጬ ዓይኔ ያረፈበትን ቃል እንደ መልስ ብቀበል ስሕተት ይሆናል?
እህታችሁ፣ ከቱሉ ዲምቱ

መልስ፦ ውድ እህታችን፤ ጥቅሱን አያውርዱት። ሁለቱም ወገኖች የየራሳቸው እውነት ይዘዋል፤ ነገር ግን አንድ ቃል ለእኛ ነው ወይም አይደለም ለማለት የሚቻለው፣ መጀመሪያ ለማን፣ መቼና ስለ ምን እንደተነገረ ከታወቀ በኋላ ነው።

ኤርምያስ 29 ደብዳቤ ነው። ነቢዩ ኢየሩሳሌም ሆኖ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ597 ከንጉሡ ከኢኮንያን ጋር ወደ ባቢሎን ለተማረኩት ሽማግሌዎች፣ ካህናት፣ ነቢያትና ሕዝብ ላከው። ለምን መጻፍ እንዳስፈለገው ለመረዳት ግን አንድ ምዕራፍ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። በምዕራፍ 28 ሐናንያ የተባለ ነቢይ በካህናቱና በሕዝቡ ሁሉ ፊት ቆሞ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ የቤተ መቅደሱ ዕቃም ምርኮኞቹም ይመለሳሉ ብሎ በእግዚአብሔር ስም ተናገረ፤ ለባቢሎን የመገዛት ምልክት ሆኖ በኤርምያስ አንገት ላይ የነበረውን ቀንበርም ወስዶ ሰበረው። ኤርምያስ ይህን ሲሰማ አስቀድሞ «አሜን፤ እግዚአብሔር እንዲህ ያድርግ» ማለቱ ሁልጊዜ ልቤን ይነካዋል፤ የሕዝቡን መመለስ እርሱም ይናፍቅ ነበርና። ሐናንያ ግን እግዚአብሔር የላከው ሰው አልነበረም፤ በዚያው ዓመት በሰባተኛው ወር ሞተ።

በደብዳቤው ለምርኮኞቹ የተነገራቸው ከሐናንያ ስብከት ጋር የሚገናኝ አይደለም። ቤት ሠርታችሁ ተቀመጡ፣ ተክላችሁ ፍሬውን ብሉ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ፣ የተማረካችሁባትን ከተማ ሰላም ፈልጉ፣ ስለ እርሷም ጸልዩ ይላቸዋል። ቁጥር 10 ደግሞ መመለሳቸው 70 ዓመት ሲፈጸም እንደሚሆን ይናገራል፤ እርስዎ የሰቀሉት ቁጥር 11 የሚመጣው ከዚህ ቀጥሎ ነው። ስለዚህ ደብዳቤው በተነበበበት ቀን ዕድሜው አርባ የሞላ ሰው ኢየሩሳሌምን ዳግመኛ እንደማያያት እያወቀ ነው «የሰላም አሳብ» የሚለውን ቃል የሰማው። ቃሉ እግዚአብሔር ሕዝቡን ፈጽሞ እንዳልጣለና ምርኮው የታሪካቸው ማብቂያ እንዳልሆነ ያረጋግጥላቸዋል፤ ችግራቸው በቅርቡ እንደሚያበቃ ግን ቀጠሮ አይሰጣቸውም። ዓመት ቆርጦ የነገራችሁ አገልጋይ፣ በቅን ልቦና አድርጎት ቢሆን እንኳ፣ የኤርምያስን ጥቅስ ይዞ የሐናንያን መልእክት አስተላልፏል። ዓመቱ ሲያልፍ የወደቀው የእርሱ ቀጠሮ ነው፤ የእግዚአብሔር ቃል አልወደቀም። ይህን አጥብቀው እንዲይዙት እለምንዎታለሁ፤ እግዚአብሔር ያልሰጠውን ተስፋ ከሰው አፍ ተቀብለው፣ ሳይፈጸም ሲቀር ከቃሉ የራቁ ምእመናን ጥቂቶች አይደሉምና።

ታዲያ ለእኛ ምን አለው ለሚለው፣ ራሱ መጽሐፍ ቅዱስ የዚህን መልእክት አንድ አንባቢ ያሳየናል። በዳንኤል 9 እንደተጻፈው፣ በምርኮ አገር ያረጀው ዳንኤል የኤርምያስን መጽሐፍ አንብቦ የ70ውን ዓመት ነገር አስተዋለ። ዘመኑ ቀረበ ብሎ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ ማቅ ለብሶ፣ ጾሞ፣ የሕዝቡን ኃጢአት «ኃጢአት ሠርተናል» እያለ ራሱን ጨምሮ ተናዘዘ። የተስፋው ቃል ዳንኤልን ወደ ጸሎትና ወደ ንስሐ ወሰደው። እኛ ክርስቲያኖች ደግሞ 2 ቆሮንቶስ 1፥20 እንደሚያስተምረን የእግዚአብሔርን ተስፋ ሁሉ በክርስቶስ በኩል እንቀበላለን፤ ስለዚህ ያ ሕዝቡን ያልጣለ አምላክ የእኛም አምላክ ነው ብለን በልበ ሙሉነት መጸለይ እንችላለን።

እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው፤ ቁጥር 11ን በየቤታችን ስንሰቅል፣ ቁጥር 5 እስከ 7 ያሉትን ትእዛዛት የሰቀለ ሰው አላየሁም። ከሰፈር መነሣታችሁ ምርኮ ነው ማለቴ አይደለም፤ የእስራኤል ምርኮ የራሱ ምክንያትና የራሱ ታሪክ አለው። ሆኖም ባልመረጠው ስፍራ ለሚኖር ሕዝብ እግዚአብሔር ምን ዓይነት ኑሮ እንደሚሻ ከዚህ መማር ይቻላል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቀን አራተኛ ፎቅ ለሚኖሩት አቅመ ደካማ እናት አንድ ጀሪካን ማድረስ፣ በብሎኮቹ መካከል ባለችው ባዶ መሬት ጎመን መትከል፣ የብሎኩ ኮሚቴ ሲሰበሰብ መገኘት፣ የድሮ ዕድራችን ቀረ ብሎ ከማዘን አዲሱን ማጠናከር፣ እነዚህ ሁሉ ኤርምያስ 29ን መታዘዝ ናቸው። እንዲህ የሚኖር ሰው ሥራ ባጣበት ወቅት እንኳ የእግዚአብሔርን የሰላም አሳብ ከጎረቤቶቹ ጋር ይካፈላል።

ለረቡዕ ጥናታችሁ፣ ምዕራፍ 28ን እና 29ን በአንድ ማታ ድምፅ አሰምታችሁ እንድታነቡ እመክራለሁ፤ ዳንኤል 9 ለሚቀጥለው ሳምንት ይቆይ። በሐዋርያት ሥራ 8 ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ በሰረገላው ላይ ኢሳይያስን ሲያነብ ፊልጶስን የጠየቀው «ነቢዩ ይህን ስለ ማን ይናገራል?» ብሎ ነው፤ ከዚህ የተሻለ የመነሻ ጥያቄ አላውቅም። ያለ ረዳት ማስተዋል እንደማይችል ለመናገርም አላፈረም፤ እናንተም ከበድ ሲላችሁ የተማረ መምህር ጋብዙ። በታክሲ መስተዋት ላይ የምናየው ፊልጵስዩስ 4፥13 «ሁሉን እችላለሁ» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ አንድ ቁጥር ከፍ ብለው ቢያነቡ፣ ጳውሎስ በእስር ሆኖ መጥገብንም መራብንም እንደተማረ ሲናገር ያገኙታል።

መጽሐፍ ቅዱስን ገልጦ ዓይን ያረፈበትን እንደ መልስ መውሰድን በተመለከተ፣ እንዳያደርጉት እመክራለሁ። በማቴዎስ 4 ዲያብሎስ ጌታን የፈተነው ስለ መላእክት ጥበቃ የሚናገረውን የመዝሙር ቃል ጠቅሶ ነው፤ ጌታችንም በዘዳግም 6፥16 ቃል፣ «ጌታን አምላክህን አትፈታተነው» ብሎ መለሰለት። እውነተኛ ቃል እንኳ ከቦታው ተነቅሎ ሲጠቀስ ሊያሳስት እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን። የሐዋሳውን ጉዳይ ምሳሌ 15፥22 እንደሚለው ከብዙ መካሮች ጋር ያማክሩ። ከባለቤትዎ ጋር አብራችሁ ጸልዩ፤ ደመወዙ የቤት ኪራዩን ችሎ የሚተርፍ መሆኑን፣ ሥራው ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ፣ ልጆች ካሏችሁ የት እንደሚማሩ፣ በዚያ የምትጸልዩባት ቤተ ክርስቲያን መኖሯን አጣሩ፤ ከዚያም ከሁለታችሁ ቤተሰብ ሽማግሌዎችና ከቤተ ክርስቲያናችሁ አገልጋዮች ጋር ተቀምጣችሁ ወስኑ።