ከኩሬው ዳር የተገኘችው የዱር ዳክዬ ጫጩት

ጥያቄ፦ በእርሻዬ ኩሬ ዳር አንዲት የዱር ዳክዬ ጫጩት አገኘሁ። አንድ እግሯ ወደ ጎን ተጣሟል፤ መራመድ አቅቷታል። ሁኔታዋ አንጀቴን በላው። ከዶሮ ጫጩቶቼ ጋር ላሳድጋት?

መልስ፦ ስላዘኑላት ደስ ብሎኛል። ከዶሮዎችዎ ጋር ግን በፍጹም አይቀላቅሏት። የዱር ዳክዬ ምንም ሳይታመም የወፍ ጉንፋን ቫይረስ ሊሸከም ይችላል። ያ በሽታ ዶሮ ቤት ከገባ መንጋውን ሊጨርስ ይችላል። እሷን በጓንት ይያዙ፣ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፣ በዚያው ጫማ ዶሮ ቤት አይግቡ። በአካባቢው ሌሎች የሞቱ ወፎች ካዩ ምንም ሳይነኩ ለእንስሳት ሐኪም ይንገሩ።

ጤነኛ ጫጩት ብትሆን ኖሮ እዚያው ትተው ራቅ ብለው ይጠብቁ እል ነበር፤ ሰው አጠገቧ ቆሞ እናት አትመጣም። መራመድ ያቃታት ግን እናቷን መከተል አትችልም። ስለዚህ ማንሳትዎ ትክክል ነው።

አሁን ከሁሉም በፊት የምትፈልገው ሙቀት ነው። አየር የሚያስገባ ካርቶን ውስጥ የማያንሸራትት ጨርቅ ያንጥፉ። በአንዱ ጎን ሙቅ ውሃ የያዘ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልለው ያስቀምጡ፤ ሲሞቃት ወደ ሌላው ጎን እንድትሸሽ ቦታ ይተዉላት። በመጀመሪያው ሳምንት 35 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ያስፈልጋታል። ጨለም ያለና ጸጥ ያለ ቦታ ያኑሯት። ዳክዬ ናት ብለው ግን ውሃ ላይ እንዳያንሳፍፏት! እናት የሌላት ጫጩት ቶሎ ትርሳለች፣ ብርዱም ይገድላታል። ጥልቀት በሌለው ሳህን ላይ ጠጠር አድርገው የምትጠጣውን ይስጧት። ዳቦና ወተት አይሆናትም። ማደር ግድ ከሆነ መድኃኒት ያልተቀላቀለበት የጫጩት መኖ በውሃ አርሰው ያቅርቡላት።

እግሯን በተመለከተ በግምት አይሰሩት። መሬቱ አንሸራቷት ወደ ጎን የተከፈተ እግር በመጀመሪያዎቹ ቀናት በለስላሳ ፋሻ ሊስተካከል ይችላል። ስብራት ከሆነ ወይም ጅማቱ ከቦታው ከወጣ ግን ያው ማሰሪያ ጉዳቱን ያባብሰዋል። ናያሲን የሚባለው ቫይታሚን ሲያንስም እግር ይጣመማል፤ የዳክዬ ጫጩት ከዶሮ ጫጩት የበለጠ ናያሲን ትፈልጋለች። እነዚህን የሚለየው ሐኪም ነው፤ ቀን በገፋ ቁጥርም አጥንቷ እየጠነከረ የመዳን ዕድሏ ይጠባል።

ማሳደጉን በተመለከተ ሕጉም አለ። በብዙ አገሮች የዱር ወፍ ያለ ፈቃድ ማኖር ክልክል ነው። አሜሪካ ውስጥ በ1918 የወጣው የፍልሰተኛ ወፎች ሕግ ለዚህ ምሳሌ ነው፤ የተጎዳችን ወፍ አንስቶ ፈቃድ ላለው ተንከባካቢ ወዲያው ማድረስ ግን እዚያም ይፈቀዳል። እንግሊዝ ውስጥ በ1981 ሕግ መሠረት አክሞ ሲሻላት መልቀቅ ይቻላል። እርስዎም በአገርዎ ያለውን የዱር እንስሳት ጥበቃ ቢሮ ዛሬውኑ ይጠይቁ። እስከዚያ ልጆች እንዳያቅፏት፣ እንዳያጫውቷት። ከእንቁላል በወጣች በሰዓታት ውስጥ ያየችውን ሁሉ እናቴ ብላ ትይዛለች። ሰው የለመደች ዳክዬ ደግሞ ዱር ውስጥ አደጋን አትሸሽም።

ሲያስረክቧት ያገኙበትን ቦታና ሰዓት በትክክል ይንገሯቸው። ከዳነች የሚለቋት እዚያው አካባቢ ነው።