ዲኤንኤው ገጠመ ማለት ሰውየው ተገኘ ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። አንድ የወንጀል ፊልም ላይ ባለሙያዋ «ናሙናው ላይ የተገኘው ዋይ ክሮሞዞም ከተከሳሹ ጋር ይገጥማል» አለች። ጠበቃው ደግሞ «ከወንድሙም ጋር ይገጥማል» ብሎ አረፈው! የሁሉም ሰው ዲኤንኤ የተለያየ አይደለም እንዴ? ካልለየ ምን ይሠራል?

መልስ፦ ጠበቃው ልክ ነው፤ ባለሙያዋም አልዋሸችም። የተለመደው ምርመራ የሚያነበው ከእናትም ከአባትም የወረስነውን ድብልቅ ነው፤ እሱ ደግሞ ከተመሳሳይ መንትዮች በስተቀር ሰውን ከሰው ይለያል። ወንዶች ብቻ ያላቸው ዋይ ክሮሞዞም ግን ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ሳይደባለቅ፣ እንዳለ ማለት ይቻላል፣ ይተላለፋል። ስለዚህ አባት፣ ልጅ፣ ወንድም፣ የአባት ወንድም፣ የእሱም ወንዶች ልጆች ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ውጤት ነው የሚሰጡት። ጭራሽ የማይተዋወቁ የሩቅ ዘመዶችም ሊኖሩበት ይችላሉ።

ታዲያ ለምን ይሠሩታል? የተደፈረች ሴት አካል ላይ የተወሰደ ናሙና ውስጥ አብዛኛው ሴል የራሷ ነው፣ የወንዱ ኢምንት ነው፤ ዲኤንኤውን የሚያባዛው ፒሲአር ደግሞ የበዛውን እያባዛ ትንሹን ይውጠዋል። የወንዱን የዘር ሴል ለይቶ የማውጣት ዘዴ አለ፣ ግን ሰውየው የዘር ቱቦው የተቋጠረ ከሆነ የሚለይ የዘር ሴል የለም። ታግላው ከሆነም የሱ ቆዳ ከጥፍሯ ሥር የሚገኘው ከራሷ ጋር ተቀላቅሎ ነው። ዋይ ላይ ያሉትን ምልክቶች (ከሰው ሰው የሚለያዩ የዲኤንኤ ቦታዎችን) ብቻ ሲያባዙ ግን የሷ ዲኤንኤ ዝም ይላል፤ ዋይ የላትማ!

ፊልም ላይ የምንሰማው «ሌላ ሰው በአጋጣሚ የመግጠሙ ዕድል ከቢሊዮን አንድ ነው» የሚለው እዚህ ጋ አይሠራም። ምርመራው 17፣ 23 ወይም 27 ምልክቶች ቢያይም ሁሉም አንድ ክሮሞዞም ላይ ተሳስረው ስለሚወረሱ የየራሳቸውን ዕድል ማባዛት አይቻልም። ያ ጥምር በመረጃ ቋት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደታየ ነው የሚቆጠረው።

በኔ እምነት የዚህ ምርመራ ትልቁ ጉልበት ነጻ ማውጣት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመውን፣ በቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት በቶማስ ጄፈርሰን ላይ የተሠራውን ጥናት እንይ። በእሱ ቤት በባርነት ትኖር የነበረችው የሳሊ ሄሚንግስ የመጨረሻ ልጅ አባት ማን ነው ነበር ክርክሩ። ጄፈርሰን ቀጥተኛ የወንድ ዘር ስላልነበረው ከአባቱ ወንድም የወንድ ተወላጆች ናሙና ተወሰደ፤ ከልጁ ተወላጅ ጋር ገጠመ። ለዘመናት ሲታሙ የኖሩት የእህቱ ልጆች ግን ዋያቸው ከራሳቸው አባት የመጣ ስለሆነ በዚያው ውጤት ከጨዋታ ወጡ። ሆኖም «ገጠመ» የሚለው ብቻውን ቶማስን ከወንድሙ ከራንዶልፍ አይለይም። ታሪክ ጸሐፊዎች ጄፈርሰን ልጁ በተጸነሰበት ጊዜ የት እንደነበረ የሚያሳዩ መዛግብትን ማገላበጥ ነበረባቸው። ፍርድ ቤትም የሚፈልገው ይህንኑ ነው፦ ሌላ ማስረጃ።

ወንድማማቾችን ለመለየት ቶሎ ቶሎ የሚለወጡ የዋይ ምልክቶችም አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ዓመት 13ቱ ተለይተው ቀርበዋል። አባትና ልጅን እንኳ የሚለዩበት ጊዜ አለ፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። ስለዚህ ተከሳሹ ወንድም ካለው መርማሪው ወንድምየውንም መጠየቁ አይቀርም።