ጭነቱ አልወርድ ሲል፦ ለወጣት መሐንዲሶች የተጻፈ ምክር

ለተወደዳችሁ ወጣት መሐንዲሶች፣

በባሕር ዳር የመካኒካል ምሕንድስና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ የሆነች ልጅ በቅርቡ አንድ ጥያቄ ላከችልኝ። የመመረቂያ ሥራዋ በሐዲድ ላይ እየሄደ ድንጋይና አፈር ወደ ጎን የሚደፋ ገልባጭ ፉርጎ ነው። «ያየኋቸው ፉርጎዎች ሳጥናቸው እስከ 45 ዲግሪ ያዘነብላል፤ ደረቅ ድንጋይ ግን በላሜራ ላይ ከዚያ ባነሰ አንግል ይንሸራተታል። ታዲያ ወጪ ለመቀነስ 38 ዲግሪ ላይ ባቆመው ምን ይጎዳል?» ትላለች። በሁለት መስመር ልመልስላት እችል ነበር። ነገር ግን ጥያቄዋ የድንጋዩን መድረቅ እንዳለቀለት ነገር ይዞ ስለተነሣ፣ ለብዙ ዓመታት ሲቆረቁረኝ የኖረውን ጉዳይ ቀሰቀሰብኝና መልሱን ለሁላችሁም ልጽፈው ወሰንሁ።

በ1970ዎቹ አጋማሽ፣ ገና ወጣት መሐንዲስ ሳለሁ፣ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ በሚወርደው ገደል ላይ በሚገኝ አንድ የድንጋይ ማውጫ ተመድቤ እሠራ ነበር። ያን መንገድ የወረደ ሁሉ እንደሚያውቀው መጀመሪያ ጥቁሩ ድንጋይ ይመጣል፤ ዝቅ ሲባል የኖራ ድንጋዩ፣ ከዚያም ጂፕሰሙ፣ ከሁሉም በታች አሸዋ ድንጋዩ ይከተላል። እኛ የምንፈልጠው የኖራ ድንጋዩን ነበር። ድንጋዩን ከመፍለጫው እስከ መኪና መጫኛው ሰዎች የሚያደርሱት በትከሻና በባሬላ ስለነበር፣ እነርሱን ለማሳረፍ ሲባል 600 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቀላል ሐዲድ በእርከኑ ላይ ተዘረጋ፤ ጥቂት ትናንሽ ገልባጭ ፉርጎዎችም መጡ።

እነዚህ ፉርጎዎች ፈረንሳዊው ፖል ዴኮቪል በ19ኛው መቶ ዘመን ካስፋፋው ቀላል ሐዲድ ጋር በብዙ አገሮች እርሻና ማዕድን ማውጫ የገቡት ዓይነት ነበሩ። ሳጥኑ ከፊት ሲታይ ወደ ታች እየጠበበ የሚሄድ ሦስት ማዕዘን ይመስላል፤ በሁለቱ ጫፎቹ ባሉ ክብ ጠርዝ ብረቶች በሻንሲው ላይ ይቀመጣል። ሙሉ ሳለ የስበት ማዕከሉ ከሚንከባለልበት ነጥብ በጥቂቱ ከፍ ስለሚል፣ መቀርቀሪያው ሲነሣ አንድ ሰው በእጁ ገፍቶ ይገለብጠዋል። ጭነቱ ሲወጣ ደግሞ የባዶው ሳጥን የስበት ማዕከል ዝቅ ስለሚል ራሱ ተመልሶ ቀጥ ይላል። ሞተር የለው፣ የታመቀ አየር የለው፣ ዘይት የለው። እስከ ዛሬ ካየኋቸው መካኒካል ሥራዎች ሁሉ ይህን የሚያህል ጥቂት ነገር ይዞ ብዙ የሚሠራ አላጋጠመኝም። ይሁን እንጂ ብልሃቱ በሙሉ የቆመው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ እርሱም ጭነቱ በጊዜው መውጣቱ ነው።

በበጋው ጭነቱ ይወጣ ነበር። ከግንቦት በኋላ ግን ዝናቡ ከላይ ከደጋው ዋልካውን እያወረደ የድንጋዩን ፊት ሸፈነው፤ የሚጫነውም ድንጋይና ጭቃ የተቀላቀለበት ሆነ። ዋልካ እርጥብ ሲሆን ከላሜራ ላይ ሊጥ ከገበቴ እንደሚጣበቀው ይጣበቃል፤ ተጭኖ ካደረ ደግሞ ይብስበታል። በሰኔ መጀመሪያ አንድ ጠዋት ማታ ተሞልቶ ያደረ ፉርጎ ለመድፋት ተራው ደረሰ። ሠራተኛው መቀርቀሪያውን አንሥቶ ገፋው፤ ሳጥኑም አዘንብሎ ከማቆሚያው ብረት ጋር ተላተመ፤ ጭነቱ ግን ከወለሉ አልተንቀሳቀሰም። ከአንድ ቶን በላይ የሚሆነው ጭቃና ድንጋይ እንደተጣበቀ ከሐዲዱ ውጭ ተንጠለጠለ። እኔ በወዲያኛው በኩል ቆሜ ስለነበር የፉርጎው የብረት ጎማዎች ከንፈር ከሐዲዱ ራስ ላይ ሲነሣ፣ በመካከሉም ብርሃን ሲገባ በዓይኔ አይቻለሁ። ወዲያው ሻንሲው ከነሳጥኑ ተገልብጦ ወደ ታች ወረደ። ከሚደፋበት በኩል ቆሞ የነበረ አንድ ወጣት እግሩ ተሰበረ።

ልጁን በቃሬዛ ወደ ላይ ካወጣነው በኋላ ወደ ተገለበጠው ሳጥን ስመለስ፣ ከጫኞቹ መካከል ከብቸና በኩል የመጡ አንድ አዛውንት ገበሬ ወለሉን በጣታቸው እየፋቁ አገኘኋቸው። «ልጄ፣ ዋልካ እርጥቡን ብረት አይለቅም። እኛ ማረሻውን ስንት ጊዜ እየጠረግን ነው የምናርሰው! መጀመሪያ ከሥሩ ደረቅ የኖራ ብናኝ አልብሰህ ከላይ ጫነው፤ ያኔ ይለቃል» አሉኝ። ብናኙ ከመፍለጫው ሥር ተከምሮ ስለነበር የሚያስወጣው ገንዘብ አልነበረም።

ይህን ስሰማ ከዓመታት በፊት ያየሁት ነገር ትዝ አለኝ። የተማርሁት እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት ትብብር በተቋቋመው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ሲሆን፣ በኋላም ለልምምድ ወደ ሶቪየት ኅብረት ሄጄ በአንድ የብረት ማቅለጫ ቆይቻለሁ። እዚያ ማዕድኑ ሲቀልጥ ከብረቱ የሚለየውን ትኩስ ዝቃጭ የሚያጓጉዘው ፉርጎ ትልቅ የብረት ገንዳ ይሸከማል። ገንዳው በጎኖቹ ባሉ ጥርሳም ክቦች በጥርሳም ሐዲድ ላይ እየተንከባለለ ያዘነብላል፤ በዚህም ምክንያት ሲያዘነብል ወደ ውጭም አብሮ ስለሚራመድ ዝቃጩ ከባቡሩ መንገድ ርቆ ይፈስሳል። የሚያዞረውም ጥርስ ኃይል ቢቋረጥ ገንዳውን ባለበት እንዲይዝ ተደርጎ የተሠራ ነው። ሌሊት ያ እሳት ሲፈስስ ሰማዩ እንዴት እንደሚቀላ ዛሬም አልረሳውም። ከሁሉ በላይ ግን አሁን የምናገረው ባዶዎቹን ገንዳዎች ከመሞላታቸው በፊት ሠራተኞች የኖራ ውሃ ይረጩባቸው ስለነበረው ነገር ነው፤ ዝቃጩ ቀዝቅዞ ከግድግዳው ጋር እንዳይጣበቅ። አዛውንቱ ገበሬ እዚያ አገር ያየሁትን ጥበብ ከማረሻቸው ተነሥተው ደረሱበት።

በዚያ ሳምንት ሥዕሉን ሠራሁ። ከሥር የሚለብሰው የኖራ ብናኝ፣ በሚደፋበት ጊዜ ሻንሲውን ከሐዲዱ ጋር ጨብጦ የሚይዝ መንጠቆ፣ በማቆሚያው ብረት ላይ የሚታሰር ወፍራም ጎማ፣ መቀርቀሪያውንም ሠራተኛው ከፉርጎው ጫፍ ቆሞ የሚያነሣበት ረጅም ዘንግ ነበረበት። ስለ ጎማው ከጓደኞቼ ጋር ብዙ ተከራክረናል። ሳጥኑ ብረት ሲመታ የሚፈጠረው ድንገተኛ ግፊት የተጣበቀውን አፈር ሊያስለቅቅ ይችላል፤ ያው ግፊት ግን ሻንሲውንም ይገፋዋል። በአንድ ፉርጎ ላይ የምንሞክርበት ቀን ተቆረጠ። ቀኑ ሳይደርስ ሐዲዱ እንዲነቀል ትእዛዝ መጣ፤ ሥራውም ወደ ባሬላ ተመለሰ። ትእዛዙን የሰጡት ሰዎች ለሠራተኛው እግር መጨነቃቸው ተገቢ ስለነበር አልወቅሳቸውም። ነገር ግን ከዚያ በኋላ በባሬላ የተጎዳውን ወገብ ሁሉ ማንም አልመዘገበም፤ ይህን ሳስብ ደግሞ ያልሞከሩትን ነገር አይሆንም ብለው መወሰናቸውን እስከ አሁን ልቀበለው አልቻልሁም። የተጻፈው ዘገባ «ቦታው ለሐዲድ አይመችም» የሚል ሲሆን የአዛውንቱ ቃል አንድ መስመር አላገኘም። የሚቆጨኝ ይህ ነው።

አሁን ወደ ጠያቂዬ ፉርጎ ልመለስ። የእርስዋ ፉርጎ ትልቅ ነው፤ በሶቪየት ማዕድን ማውጫዎች ይሠራበት ከነበረው፣ 60 ቶን ከሚጭነው ቪኤስ-60 ጋር የሚቀራረብ። በዚህ ዓይነቱ ፉርጎ ሳጥኑ በሁለቱም ጎኖች ማጠፊያ አለው፤ በሚደፋበት በኩል ያለው ማጠፊያ እንደያዘ ይቆያል፣ የወዲያኛው ይለቃል፣ ከሎኮሞቲቩ የሚመጣ የታመቀ አየርም በሲሊንደሮች አማካይነት ሳጥኑን ያነሣዋል። ኮምፒውተራችሁን ዝጉና ይህን በወረቀት ተከተሉኝ፤ የዛሬ ልጆች ቀለም የተቀባ ሥዕል ከማሽኑ ሲወጣ ሥራው ያለቀ ይመስላችኋል፣ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

60 ቶን ጭነትና 12 ቶን ሳጥን አንድ ላይ 72 ቶን ይሁን። ማጠፊያው ከፉርጎው መካከል 70 ሳንቲ ሜትር ወደ ጎን ይራቅ፤ የስበት ማዕከሉ ደግሞ በመካከል ሆኖ ከማጠፊያው 90 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ለማንሣት የሚያስፈልገው ሞመንት (ኃይሉ ከማጠፊያው ባለው ርቀት ሲባዛ) መጀመሪያ ላይ 494 ኪሎ ኒውተን ሜትር ያህል ነው። ሲሊንደሮቹ ከማጠፊያው 1.4 ሜትር ርቀው ቢገፉ 353 ኪሎ ኒውተን ያስፈልጋል፤ አየሩ 6 ባር ከሆነ ይህን ለማግኘት እያንዳንዳቸው 43 ሳንቲ ሜትር ያህል ዲያሜትር ያላቸው አራት ሲሊንደሮች ይጠይቃል። ገልባጭ ፉርጎ ሥር ያሉት ሲሊንደሮች ለምን እንደዚያ እንደሚወፍሩ አሁን ታያላችሁ። ሳጥኑ እየተነሣ ሲሄድ ይህ ሞመንት ይቀንሳል፤ 38 ዲግሪ ሲደርስ የስበት ማዕከሉ ልክ በማጠፊያው አናት ላይ ይውላል፤ ሲሊንደሩም የሚገፋው ነገር ያጣል። ልጅቱ ላቆመው ያለችው በዚህ ምሳሌ በዚሁ ነጥብ ነው። ጭነቱ ካልለቀቀ ሳጥኑ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ለመሄድ እኩል ዝግጁ ሆኖ በአየር ላይ ይቆማል፤ እንደዚያ ከቆመ ሳጥን ሥር ሰው ገብቶ በአካፋ ሲቆሰቁስ ማየት የለብንም።

ታዲያ 45 ዲግሪ ይሻላል ማለት ነው? ጭነቱን ለማስለቀቅ አዎ። ነገር ግን ያልለቀቀ 72 ቶን እዚያ ላይ ከመካከሉ 84 ሳንቲ ሜትር ወጥቶ ይገኛል፤ 1435 ሚሊ ሜትር በሆነው ሐዲድ የሐዲዱ ራስ ከመካከሉ 75 ሳንቲ ሜትር ላይ ስለሆነ ክብደቱ ከሐዲዱ ውጭ ነው። ከመገልበጥ የሚያስቀረው የሻንሲውና የቦጊዎቹ (ጎማዎቹን የያዙት ከሥር ያሉ ጋሪዎች) ክብደት ብቻ ነው። እነርሱን 16 ቶን ብንል ፉርጎው እስከ 49 ዲግሪ ያህል ይታገሣል፤ በ45 ዲግሪ ላይ ያለን ትርፍ 7 ወይም 8 ሳንቲ ሜትር ነው። ማጠፊያው ከሐዲዱ 1.1 ሜትር ከፍ ቢል፣ በሚደፋበት በኩል ያለው ሐዲድ በ2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለቱ ብቻ ከዚህ ትርፍ 3 ሳንቲ ሜትሩን ይበላዋል። በዚያው በኩል ያለው የቦጊው ሞላ ሲጨመቅ ሌላውን ይቀንሳል፤ ሳጥኑ ማቆሚያውን ሲመታ የሚመጣው ግፊትም ይጨመርበታል። ይኸው ፉርጎ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ በደረሰው በአሮጌው የጅቡቲ ሐዲድ ላይ ቢቆም፣ የዚያ ስፋት 1 ሜትር ስለሆነ፣ ጭነቱ ካልለቀቀ ገና 38 ዲግሪ ሳይደርስ ይገለበጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው አዲሱ መስመር 1435 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ይችለዋል። ዲዛይኑን ሐዲዱን ሳያውቁ መጀመር የማይቻለው ለዚህ ነው።

ስለ ትላልቆቹ ማሽኖች ብዙ አልልም። ፉርጎውን በሙሉ በትልቅ ከበሮ ውስጥ ይዘው እስከ 160 ዲግሪና ከዚያም በላይ የሚያዞሩ መገልበጫዎች አሉ፤ ፉርጎዎቹ በሚያያዙበት ዘንግ ዙሪያ ስለሚዞሩ መጋጠሚያቸው የሚሽከረከር ከሆነ ባቡሩ ሳይፈታ ይደፋሉ። ለከሰልና ለብረት ማዕድን ግሩም ናቸው። ሆኖም እዚያም የሚጣበቅ ነገር ከተጫነ ወለል ላይ ይቀራል፤ ማንቀጥቀጫ መሣሪያ የሚገጠመው ለዚህ ነው።

ኮምፒውተሩን ዝጉ ማለቴን ግን እንደ ጥላቻ አትቁጠሩብኝ። እኛ ስለ ማቆሚያው ጎማ ቀናት የፈጀንበትን ክርክር እናንተ ዛሬ ባላችሁ ፕሮግራም በአንድ ከሰዓት በኋላ ትጨርሱት ነበር፤ ያ መሣሪያ ያኔ በእጃችን ቢኖር ሐዲዱ የሚነቀል አይመስለኝም። ፕሮግራሙ የማይነግራችሁ ዋልካው ላሜራውን በስንት ዲግሪ እንደሚለቅ ነው፤ ይህን ቁጥር የምትሰጡት እናንተ ናችሁ። ብዙዎቻችሁ ከሌላ አገር መጽሐፍ ትወስዱታላችሁ፤ የተወሰደበት አፈር ግን የጎጃም አፈር አይደለም።

ስለዚህ ጠያቂዬ፣ 38ንም 45ንም ለጊዜው ተዪያቸው። በሐምሌ ወደ ደጀን ሂጂና ዋልካውን ከነድንጋዩ አምጪ። ሳጥኑ ከሚሠራበት ላሜራ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሚሆን አስቆርጪ፤ እንደምትጭኚው ውፍረት ከምረሽ፣ ከላይ ክብደት አድርገሽ እንዲጠቀጠቅ አሳድሪው። ጠዋት ላሜራውን ከአንድ ጫፉ በክሪክ ቀስ እያደረግሽ አንሺውና የሚለቅበትን አንግል ጻፊ። ከዚያ ከሥሩ ደረቅ የኖራ ብናኝ አልብሰሽ በሌላ ሌሊት ድገሚው። ላሜራው አዲስ ሲሆን የሚገኘው ቁጥር አያታልልሽ፤ ዝገት የበላውና በድንጋይ የተፋቀ ላሜራም ላይ ሞክሪ፤ ፉርጎው አብዛኛውን ዕድሜውን የሚያሳልፈው በእንዲህ ዓይነቱ ወለል ነውና። ካገኘሻቸው ሁሉ ትልቁን አንግል ይዘሽ የማጠፊያውን ቦታ ከሐዲዱ ስፋት ጋር እንደገና አስዪ፤ አልገጥም ካለሽ ሳጥኑን ዝቅ አድርጊው ወይም መንጠቆውን ጨምሪበት፤ ሥዕሉንም ላኪልኝና አብረን እንየው።